አማች ልሰልል በጀልባ

የማኅበር እህቶቼ፣ ከተመለስኩ ጀምሮ ባያችሁኝ ቁጥር «እስቲ ያን ደሴት ንገሪን» እያላችሁ ሰንብታችኋል። ለአንዷ ስነግር ሌላዋ ትቀራለች፤ ለቀረችው ስደግመው ደግሞ ጨው እጨምርበታለሁ። ስለዚህ እንደሆነው አድርጌ ጻፍኩት። የዳርቻውን ስም ግን አትጠይቁኝ። ሰዎቹ እዚያው ናቸው፤ ስማቸው እዚህ ቶሮንቶ በዳንፎርዝ ካፌዎች ሲዞር መስማት አልፈልግም። መኪና መንገድ የለውም፣ በጀልባ ካልሆነ አይገባበትም፤ ይህን ካወቃችሁ ይበቃል።

የሄድኩበትን ጉዳይ ከመካከላችሁ አስካለ ብቻ ናት የምታውቀው። ማህሌትን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ የወንድሜ ልጅ፣ ከሱዳን ጀምሮ በእጄ ያደገች። ወንድሜ ሊያርፍ ሲል ትንሽ እጇን እጄ ላይ አድርጎ ነው የሰጠኝ። ይህች ልጅ ሪጀንት ፓርክ ያለው ሕንፃችን ሊፍቱ ሲበላሽ ሊጠግን ከመጣ ዌንደል ከሚባል የካሪቢያን ደሴት ልጅ ጋር ተዋወቀች። ሊፍቱ መበላሸት አላቆመም፤ ልጁም መምጣት አላቆመም። በኋላ ሊፍቱ ደህና በሆነበት ቀንም ይመጣ ጀመር። እሁድ እሁድ እኛ ዘንድ ይበላል። ያቀረብኩለትን ሁሉ፣ ሚጥሚጣውንም ጭምር፣ እንባው እየወረደ ይበላና «ጥሩ ነው አንቲ» ይለኛል። ሁሉ ነገር ጥሩ የሆነለት ሰው ያስፈራኛል። የሚደብቀው ነገር ያለ ይመስለኛል።

እና አንድ ቀን ማህሌት ልንጋባ ነው አለችኝ። እሺም እንቢም አላልኩ። እኛ አገር ልጅ ሲሰጥ የባልየው ወገን ይጠናል። ጎረቤት ይጠየቃል፤ ጠበኞች ናቸው ወይ፣ በሽታ አለ ወይ፣ ሌላ ሚስት፣ ሌላ ልጅ ደብቋል ወይ ይባላል። የዌንደልን ጎረቤት ማን ይጠይቅልኝ? እናቱ በጀልባ ብቻ የሚደረስበት ዳርቻ እንደሚኖሩ፣ አንድ ክፍል ለእንግዳ እንደሚያከራዩ፣ እያወራ የነገረኝ ራሱ ነው። አስካለ ነገሩን ስነግራት ሳቀችና «እንግዲያው አንቺው ሽማግሌ ሁኚ» አለችኝ። በቀልድ ነበር ያለችው። እኔ ግን በማግሥቱ ቲኬት ጠየቅኩ።

ለማህሌት፣ ለጉልበቴ ፀሐይ ስለሚያስፈልገኝ ባርቤዶስ ሄጄ ልረፍ አልኳት። ጉልበቴ እውነትም ያመኛል። ከባርቤዶስ እንደምሻገር ብቻ ነው ያልነገርኳት።

ማክሰኞ

በረዶው ጉልበት ድረስ በደረሰበት በየካቲት ጠዋት ተነሣን። ማህሌት ሻንጣዬን እየጎተተች ኤርፖርት ድረስ ሸኘችኝ። ስታቅፈኝ አለቀሰች። ለአንድ ሳምንት ምን ያስለቅሳታል ብዬ አውሮፕላኑ ላይ ስጠረጥር ዋልኩ።

ባርቤዶስ ስንወርድ የድሬዳዋ ሙቀት ተቀበለኝ፤ ካፖርቴን የት እንደማደርገው ቸገረኝ። የጉምሩኩ ሰውዬ ሻንጣዬን ከፈተና በሶዬን አገኘ። በማላውቀው አገር የሰው ምግብ አምኜ ስለማልበላ በሶና ዳቦ ቆሎ ይዤ ነበር። ዱቄቱን አሸተተው፣ በጣቱ ነካካው፣ ጓደኛውን ጠራ። ገብስ ነው፣ ምግብ ነው አልኩ፤ አላመኑኝም። በኋላ ብርጭቆ ውኃ አስመጣሁና እዚያው ጠረጴዛቸው ላይ በጥብጬ፣ አማትቤ ጠጣሁላቸው። ቀረብ ብለው ፊቴን ሲያዩኝ ቆዩ። ምንም ሳልሆን ስቀር አንደኛው «ይጣፍጣል?» አለኝ። ቅመስ ስለው ወደኋላ ሸሸ። እኔ እነሱን ስጠረጥር እነሱ እኔን፤ ጉዞው እንዲህ እንደሚቀጥል ያን ጊዜ አላወቅኩም።

ያደርኩበት ቤት ባለቤት ደግ ሴት ነበረች፤ ሻይ አምጥታ የበር ቁልፉ ትንሽ አልጠብቅ ስለሚል አትጨነቂ አለችኝ። ሻንጣዬን በሩ ላይ ደግፌ ተኛሁ። ዛፎቹ ውስጥ የሚያፏጭ ነገር ነበር፤ ሌባ ለሌባ ምልክት የሚሰጥ ነው የመሰለኝ። ጠዋት ስጠይቃት የአውራ ጣት የምታህል እንቁራሪት ናት አለችኝ። አሁንም ሙሉ በሙሉ አላመንኳትም።

ረቡዕ

በትንሽ አውሮፕላን ወደ ሴንት ቪንሰንት፣ ከዚያ በመርከብ ወደ ትንሿ ደሴት። የቶሮንቶ ደሴት ፌሪ ለልጆች መጫወቻ ነው ለካ። ይህኛው ፍየል፣ ሲሚንቶ፣ አልጋና ሰው አንድ ላይ ጭኖ ሲወዛወዝ፣ አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ ሳልጠይቃት ዝንጅብል ሰጠችኝ። ለምን እንደሰጠችኝ ሳሰላስል ወደላይ ሊለኝ ሲል አኘክሁት።

ከመርከቡ ወርዶ የሚቀረው የጀልባው መንገድ ነው። ባለጀልባው ካልተን ይባላል፤ ሽበታም፣ ቀጭን። ወዴት እንደምሄድ ስነግረው «ሚስ አይቪ ዘንድ ነዋ፣ ሌላ ማደሪያ የለም» አለ። እኔ ጎርጎራ ነው ያደግኩት፣ ጣና ላይ በታንኳ ስንሻገር ኖረናል፤ ጀልባ አልፈራም። ግን የጣና ውኃ ጨው የለውም፤ ማዶውም ይታያል። እዚህ ገደሉን ዞረን ከተማው ከዓይኔ ሲጠፋ፣ ይህ ሰውዬ ውኃ ውስጥ ቢጨምረኝ ማን ያውቃል ብዬ ቦርሳዬን አንገቴ ላይ አሰርኩ። ካልተን አይቶኝ ፈገግ አለ። ፈገግታውን አልወደድኩትም።

ገደሉን አልፈን ስንታጠፍ ዳርቻው ብቅ አለ። ነጭ አሸዋ፣ ከኋላው ተራራ፣ ተራራው ሥር ጥቂት ቤቶች። እንሰት የመሰለኝ ሁሉ ሙዝ ነው። ስለ ውበቱ ብዙ አልላችሁም፤ ፖስት ካርድ ላይ አይታችሁታል። ፖስት ካርዱ የማያሳያችሁ፣ ጀልባው ዳር ድረስ እንደማይደርስ ነው። ካልተን ሻንጣዬን አናቱ ላይ አድርጎ ውኃው ውስጥ ገባና «ዝለይ» አለኝ። በዚህ ጉልበት? እንቢ ብዬ ተቀመጥኩ።

ያኔ አንዲት ረጅም አሮጊት ከነቀሚሳቸው፣ ውኃው ጭናቸው እስኪደርስ እየረገጡ መጡ። ማን እንደሆንኩ አልጠየቁኝም። እጃቸውን ዘረጉልኝ፣ ወገቤን ይዘው አወረዱኝ፣ ደርሰን አሸዋው ላይ እስክቆም አልለቀቁኝም። ሚስ አይቪ እሳቸው ነበሩ። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ እያልኳቸው ስለነበር እዚህም እንደዚያው እጽፋለሁ።

ስሜን ሲጠይቁኝ የክርስትና ስሜን ነገርኳቸው፤ ወለተ ማርያም። ዌንደል ይህን ስም አያውቀውም፤ ውሸትም አይደለም። ከየት ሲሉኝ ከካናዳ አልኩ። የእሳቸው ፊት ትንሽ ጨለመ። አየሁት፤ ያዝኩት።

ቤቱ ንጹሕ ነው። እሳት ላይ የተጠበሰ የዳቦ ፍሬ የሚሉትን አቀረቡልኝ፤ ድንች ሲሆን እንጀራም እሆናለሁ የሚል ዓይነት ነገር ነው። ረቡዕም ስለሆነ ተስማማኝ። ጥጉ ላይ አንዲት ስድስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ቆማ ታየኛለች። ግንባሯን ሳይ መብላቴን አቆምኩ። ያ ሰፊ ግንባር እሁድ እሁድ ገበታዬ ላይ የማየው ግንባር ነው።

«የልጅ ልጅዎ ናት?» አልኩ።

«ኬሻ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው» አሉና ሳህኑን አነሡ።

ሐሙስ

ጠዋት ወደ ሥራዬ ወጣሁ። እናቶቻችን እንደሚያደርጉት ነው ያደረግኩት፤ ሰላምታ፣ ስለ አየሩ፣ ስለ ጤና፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ጉዳዩ። መጀመሪያ ካልተንን አገኘሁት። ያቺ ቆንጆ ልጅ የማን ናት? የሚስ አይቪ አክስት ልጅ የወለደቻት ናት፣ ከሴንት ሉሺያ የመጣች ናት አለኝ። ዌንደል የሚባል ልጅ አላቸው አይደል ስለው ሞተሩን አስነሣ፤ ጀልባው ግን አሸዋ ላይ ነበር የቆመው።

ቀጥዬ ሱቁ ገባሁ። ሱቅ ማለት አንድ መስኮትና አንድ ስልክ ነው። ባለሱቋ ወፍራም፣ ሳቂታ ሴት፤ የኬሻ እናት የሚስ አይቪ ሴት ልጅ ናት፣ እንግሊዝ አገር ነርስ ናት አለችኝ። ዌንደል ደግሞ እህት የለኝም ብሎኛል። ዛፍ ሥር መረብ የሚጠግን ሽማግሌ ነበር፤ ልጅቷ እግሩ ሥር ቁጭ ብላ በዛጎል ትጫወታለች። እሱንም ጠየቅኩት። ቀና ብሎ ዙሪያውን ቃኘና «የቷ ልጅ?» አለኝ።

ምን ልበላችሁ፤ ሦስት ሰው ጠይቄ ሦስት ዓይነት መልስ። እውነት አንድ ናት፤ ይህን ያህል የተለያየው ተማክረው ሳይጨርሱ ስለደረስኩባቸው ነው አልኩ። ከሰዓት በኋላ ባለፍኩበት ሁሉ ወሬ ይቆማል። ሱቁ ጋ የተሰበሰቡት ሲያዩኝ ራዲዮኑን ቀነሱት። ልጆች እንኳ ከሩቅ ሆነው ይከተሉኛል። ሌላ ሚስት አለችው፣ ምናልባትም ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ ውስጥ ሆና በመስኮት እያየችኝ ነው ብዬ እያንዳንዱን መጋረጃ ስቆጣጠር ዋልኩ። ማህሌትን ለዚህ ነው ያሳደግኳት?

በዚያኑ ዕለት ልሂድ ብል ጀልባው እስከ እሁድ አይወጣም። ካልተን ነው ይህን የነገረኝ፤ እሱንም ጠረጠርኩት፤ እውነት ነበር።

ዓርብ

ሚስ አይቪ ትልቅ ዓሣ በሎሚና በበርበሬ ሠርተው አቀረቡልኝ፤ ከጎኑ ጎደሬ አለ፤ አዎ፣ የኛው ጎደሬ፣ ስሙን ብቻ ቀይረውታል። ሽታው ልብ ያጠፋል። ዓርብ መሆኑን፣ እኔ ደግሞ ዓሣ ለጾም እንደማልበላ እንዴት ላስረዳ? አመሰግናለሁ አልበላም አልኩና ጎደሬውን ብቻ አነሣሁ። ከዚያ በሶዬን በጠበጥኩ። ሚስ አይቪ እጃቸውን አጣምረው ዱቄቱ ውኃ ውስጥ ሲዞር አዩ። ሊመርዙኝ ነው ብዬ የፈራሁ መስሏቸዋል፤ ፊታቸው ነገረኝ። ዓሣውን ሸፈኑት።

ቅር ብሎኝ ወደ ውኃው ወጣሁ። ኬሻ ብቻዋን ትዋኛለች። ባሕሩ ከዳር አረንጓዴ ነው፣ ትንሽ ሄድ ሲል ድንገት ይጠቁራል፤ ልጅቷ ወደ ጥቁሩ እየሄደች ነው። ጭንቅላቷ ትንሽ ነጥብ ሆነ። እንግሊዝኛዬ ከአፌ ጠፋ። ጎርጎራ ታዳጊ ሳለሁ ከውኃ ሳይመለስ የቀረ ልጅ አውቃለሁ።

«ነይ! ነይ ብዬሻለሁ እኮ!» ብዬ ጮህኩ። ደግሜ፣ ደጋግሜ።

ልጅቷ ዞረች። ሚስ አይቪ ከነማማሰያቸው ከማድቤቱ ሮጠው ወጡ። ደግሞ ወደ ልጅቷ አይደለም የሚያዩት፤ ወደ እኔ ነው። ኬሻ ያለ ጭንቀት እንደ ዓሣ እየዋኘች መጣች፣ ከውኃው ወጣች፣ ፊት ለፊቴ ቆመችና በሁለት እጇ አፏን ይዛ ትስቅ ጀመር።

«አያቴ፣ የምትጮኸዋ ሴትዮ ናት» አለች።

ሚስ አይቪ ገብተው ቴፕ ይዘው ወጡ። ሳጥን ሙሉ ካሴት አብሮ መጣ። አንዱን ከተቱና ተጫኑት። የማህሌት ድምፅ። የእኔዋ ማህሌት፤ ከኋላዋ የሰፈራችን የዳንዳስ መንገድ ትራም ሲያልፍ ይሰማል። «ኬሻ፣ የኔ ማር፣ ከእኔ ጋር በይ፤ አንድ» ትላለች። «ሁለት» ትላለች። እስከ ሰባት ደረሰች። ከዚያ ከሩቅ፣ ከማድቤት፣ ሊታረድ እንደሚጎተት ፍየል ያለ ድምፅ፦ «ማህሌት! ነይ ብዬሻለሁ እኮ፣ ራቱ ቀዘቀዘ!» ቴፑ ጠቅ ብሎ ተዘጋ።

ልጅቷ ለካ እዚያች ላይ እየመለሰች ስታዳምጥ ነው የኖረችው። በእግሬ ከመምጣቴ በፊት ድምፄ እዚያ ቤት ውስጥ ሰንብቷል።

አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ። ሚስ አይቪም አጠገቤ ተቀመጡ። ኬሻ የዌንደል ልጅ መሆኗን ያን ጊዜ ነገሩኝ። እናቷ ልጅቷ ጡት ሳትጥል ሌላ ሰው ተከትላ ትሪኒዳድ ገባች፤ አልተመለሰችም።

«ታዲያ ጎረቤቶችዎ ለምን ዋሹኝ?» አልኳቸው።

«ከካናዳ የመጣች ሴት፣ ስሟ የማይታወቅ፣ ምግባችንን የማትበላ፣ ቤት ለቤት እየዞረች ስለ ዌንደል የምትጠይቅ» አሉ። «የኢሚግሬሽን ሰው ነሽ ብለን ነዋ። ምን እንደምትፈልጊ ሳናውቅ ምን እንመልስልሽ? ሁሉም የመጣለትን ተናገረ።»

ይህን አውቀዋለሁ። በዚያ በክፉው ጊዜ ወንድሜን ሲፈልጉት ጎረቤቶቻችን እንዲሁ ነበር ያደረጉት። አንዷ ታሞ ተኝቷል አለች፣ ሌላዋ አዲስ አበባ ሄዷል አለች፣ አንድ ሽማግሌ ደግሞ እንዲህ የሚባል ሰው ሰፈራችን ኖሮ አያውቅም አሉ፤ ወንድሜ ደግሞ እሳቸው ጎተራ ውስጥ ነበር። ማንም አላማከራቸውም። ያን ጊዜ እየዞሩ የሚጠይቁት ሰዎች ፊታቸው ምን ይመስል እንደነበር አስታውሳለሁ። ሐሙስ ዕለት ለእነዚህ ሰዎች የእኔ ፊት ያንን መሰለ።

ሚስ አይቪ አሸዋውን እየጫሩ፣ ሳያዩኝ፣ «ልትወስጃት ነው የመጣሽው?» አሉኝ።

«ስለ እሷ የሰማሁት አሁን ነው» አልኩ። አመኑኝ አላመኑኝም እንጃ።

ቅዳሜ

ተናድጄ ነው የነቃሁት። ማህሌት ታውቃለች። ልጅቷን ቁጥር ታስተምራለች፣ የኔ ማር ትላለች፤ ለእኔ ግን ከአንድ ማድቤት እየበላን አልተነፈሰችም። ኤርፖርት ያስለቀሳት ምን እንደሆነ ገባኝ፤ ደብቃኝ መሸኘቱ ከብዷት ነው። ጀልባ ቢኖር በዚያኑ ሰዓት እሄድ ነበር። አልነበረም። ስለዚህ እዚያው ከሚስ አይቪ ጋር ቅዳሜን ውለን አመሸን፤ ዓሣውን እንደገና አሙቀው አቀረቡልኝ፣ እኔም አጥንቱ ድረስ በላሁላቸው። አዋዜን አያህልም እንጂ በርበሬያቸው አያሳፍርም።

ኬሻ ሳጥኗን ይዛ መጣችና የአባቷን ካሴቶች አሰማችኝ። ዌንደል ሥራ ውሎ በገባ ቁጥር ነው የሚቀዳላት። ስለ በረዶ፣ ስለ ሊፍት፣ ዛፍ ለዛፍ ስለሚዘለው ስኩዊረል ያወራላታል። አንዱ ላይ እንዲህ አለ፦ «ዛሬ አንቲ ዘንድ በላሁ። ኬሻዬ፣ ቀዩ ዱቄት ሊገድለኝ ነበር። ሆዴ ሦስት ቀን ያቃጥለኛል። ጥሩ ነው አልኳት። እንዳትነግሪብኝ፤ እሷ ካልወደደችኝ ማህሌትም እኔም አለቅን።»

ሚስ አይቪ ሳቁ። እኔ ግን እንደገና አስከፈትኩት። ለካ ይህ ሰው እውነት የሚናገርበት ቦታ አለው፤ እሱም ይህች ልጅ ዘንድ ነው። አማች የሚጠናው ጎረቤት በመጠየቅ ነው ብዬ ነበር፤ እኔ ግን በጓሮ በር ገብቼ ሰውየውን ብቻውን ሲያወራ ሰማሁት።

ከሰዓት በኋላ የርግብ አተር እየፈለፈልን ሚስ አይቪ የሆዳቸውን አወጡት። ኬሻን አንድ ቀን ይወስዷታል፤ አባቷ ነው፣ ትክክልም ነው፤ ግን እሳቸው ከዚህ ባሕር ጋር ብቻቸውን ሊቀሩ ነው። እኔም መለስኩላቸው፤ ማህሌት ስታገባ ያ የሪጀንት ፓርክ ቤት ለእኔም እንዲሁ ነው አልኩ። ለማንም፣ ለአስካለም ጭምር፣ ይህን ተናግሬ አላውቅም ነበር። ዌንደልን ስጠረጥር ከከረምኩበት ነገር ግማሹ ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ሁለታችንም አተሩን ቀጠልን።

«ካናዳ አሮጊት ይቀበላል?» አሉኝ በኋላ።

«እኔን ተቀብሏል» አልኳቸው። «ግን ብርዱን ይፈሩታል።»

«እሱን እኔ ነኝ የማውቀው» አሉ።

እሁድና ሰኞ

ካልተን ሞተሩን አስነሣ፤ አሁን እውነት ውኃ ላይ ሆኖ። ባለሱቋ የኮኮናት ዳቦ ጠቅልላ ሰጠችኝና ስለ እንግሊዟ ነርስ ይቅርታ ጠየቀችኝ። መረብ ጠጋኙ ሽማግሌ ግን ከዛፉ ሥር ሆኖ በዓይኑ ነው የሸኘኝ፤ እስካሁን የኢሚግሬሽን ሰው ነች የሚል ይመስለኛል። አልተቀየምኩትም።

ሚስ አይቪ እንደመጣሁ ዕለት ከነቀሚሳቸው ውኃው ውስጥ ገቡና ወገቤን ይዘው ጀልባው ላይ አወጡኝ። ኬሻ ትከሻቸው ላይ ነበረች። ጀልባው ሊሄድ ሲል ጣቷን እያነሣች በአማርኛ ቆጠረችልኝ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እንደ ማህሌት እየጎተተች። ሰባት ላይ ደርሳ ቆመች።

«ከዚያ በኋላ ምንድን ነው?» አለችኝ።

አፌ ላይ ደርሷል። ተውኩት። የጀመረችው ትጨርስልሻለች አልኳት።

ሰኞ ማታ ቶሮንቶ ስደርስ ኤርፖርቱ ውስጥ ሁለቱም ቆመዋል፤ ማህሌት ከፊት፣ ዌንደል ከኋላ የሱፍ ሻርፔን ይዞ። ጉልበትሽ እንዴት ሆነ እቴቴ አለችኝ ማህሌት። ዌንደልን አየሁት፤ ግንባሩን አየሁት። ስለ እሱ ገና የምጠይቀው ብዙ አለኝ፤ በአፉ ያልነገረኝን በአፉ እንዲነግረኝ አደርገዋለሁ፤ ሚጥሚጣውንም እቀንስለታለሁ።

ሻርፑን ከእጁ ተቀብዬ አንገቴ ላይ ጠመጠምኩና ወደ ማህሌት ዞርኩ።

«ሰባት ላይ ነው ያቆምሽባት» አልኳት። «ዛሬውኑ ስምንትን ቅጂላት፤ ልጅቷ ጣቷን አንሥታ እየጠበቀች ነው። ራት ስጠራሽም አትዝጊው።»